በኩንታል ጨው ሰባት ግራም፦ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ትንሽ ነገር የት ይገኛል?

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ የምንለው ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ አንድ በሽታ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ለመግባት ምን ያህል የተለመደ መሆን አለበት? እንቅርት በየመንደሩ የሚታይ ነገር ስለነበረ ነው አባባሉ ማብራሪያ ያላስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተካሄደ ሀገር አቀፍ ጥናት እንኳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አግኝቷል። ከሦስት ሴቶች ከአንዷ በላይ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ችግር መፍትሔ ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቃላችሁ? በአንድ ኩንታል ጨው ውስጥ ሰባት ግራም የማይሞላ ዱቄት። በቃ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰባት ግራም ነው። ግን ከሰባቱ ግራም ጀርባ ሰፋ ያለ ጥያቄ አለ፦ ቀላልና ርካሽ ሆነው ሳለ የሚሊዮኖችን ሕይወት የሚቀይሩ ሥራዎች የት ነው የሚገኙት? ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «እያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ብናደርግ» የሚል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? እውነት ነው፣ ግን ድሩን ማን ያሳብረው? መቶ ሚሊዮን ሰው በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር እንዲያደርግ ማሳመን ትንሽ ሥራ አይደለም። ምናልባት በዓለም ላይ ካሉ ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው።

ምህንድስና ስንማር ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስለምዱናል፦ ሁሉም ነገር የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ የቱ ጋ ነው? አንድን መስኖ ለመቆጣጠር በየማሳው አትዞሩም፣ ዋናው በር ላይ ትቆማላችሁ። የኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ትንሽ ሥራ ትልቅ ውጤት የሚያመጣው እንዲህ ዓይነት በር ላይ ሲሠራ ነው። ጨው ደግሞ ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ግልጹ ነው።

ሰውነታችን ምን ያህል አዮዲን ይፈልጋል?

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ታይሮይድ የሚባል እጢ አለ። ይህ እጢ የሚያመርተው ሆርሞን ሰውነታችን ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይርበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑን ለመሥራት ደግሞ አዮዲን የግድ ነው፤ ምትክ የለውም። አዮዲን ሲያጥር አንጎል «ሆርሞን አነሰ፣ ጨምር!» የሚል ትእዛዝ ደጋግሞ ይልካል። እጢው ትእዛዙን ለመፈጸም እየሠራ እየሠራ ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህንን እብጠት ነው።

ግን እንቅርት የሚታየው ጉዳት ነው። ዋናው ጉዳት አይታይም። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት የፅንሱ የራሱ እጢ ገና ሥራ ስላልጀመረ ጽንሱ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው፤ አንጎሉም የሚገነባው በዚሁ ሆርሞን እየታገዘ ነው። እናት አዮዲን ካነሳት የልጁ አንጎል ያለበቂ ግብአት ይሠራል፣ በኋላም መልሶ ማስተካከል አይቻልም። እጥረቱ ሲበረታ መስማትና መናገር እስከ አለመቻል፣ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት እስከ ማስከተል ይደርሳል። ቀለል ሲል ደግሞ ማንም ልብ አይለውም፤ ልጁ ትምህርት ትንሽ ይከብደዋል፣ በቃ «ሰነፍ ነው» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን፣ መከላከል እየተቻለ አንጎልን ከሚጎዱ ምክንያቶች መካከል ዋነኛው አድርጎ ያስቀምጠዋል።

አሁን እናስላ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም አዮዲን ነው (ነፍሰ ጡር 250)። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። 150ን በ365 ቀን፣ ከዚያ በ70 ዓመት ብታባዙት 3.8 ግራም ገደማ ይመጣል። የሙሉ ዕድሜ ፍላጎታችን አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም!

«ታዲያ አንዴ በማንኪያ ወስዶ መገላገል ነዋ» እንዳትሉ። ሰውነት የተረፈውን አዮዲን በሽንት ያስወግዳል። ስለዚህ ችግሩ የመጠን ሳይሆን የማድረስ ነው፦ እጅግ ትንሽ ነገር፣ ለሁሉም ሰው፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። መሐንዲስ እንዲህ ዓይነት መስፈርት ሲሰጠው የሚፈልገው ተሸካሚ ነው። በሌላ ምክንያት በየቀኑ ወደ ሁሉም ቤት የሚገባ ነገር አለ ወይ?

ለምን ጨው?

ጨው አራት ነገሮችን ያሟላል። አንደኛ፣ ሀብታምም ድሃም ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ማንም በአንድ ጊዜ በብዛት አይበላውም፤ ምላስ ራሱ ልክ ያበጅለታል። ሦስተኛ፣ አብዛኛው ሰው ቤቱ አያመርተውም፣ ገዝቶ ነው የሚበላው። አራተኛ፣ የሚመረትባቸው ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ጤፍ ሚሊዮን ማሳ ላይ ይበቅላል፤ ጨው ግን ከጥቂት ቦታ ተነስቶ ሚሊዮን ማጀት ይደርሳል። ጠባቡ በር ይሄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በምንበላው ጨው መጠን ይወሰናል፤ በቀን 5 ግራም ለሚበላ ሕዝብ በኪሎ ጨው 39 ሚሊግራም አዮዲን ይመከራል። ለማቅለል 40 እንበል። አንድ ኩንታል (100 ኪሎ) ጨው 4 ግራም አዮዲን ይፈልጋል ማለት ነው። አዮዲኑ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት በሚባል ዱቄት መልክ ሲሆን ከዱቄቱ ክብደት 59 በመቶ ያህሉ አዮዲን ነው። አራትን ለ0.59 ስታካፍሉ 6.8 ግራም። ርእሱ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። ወጪው ለአንድ ሰው በዓመት አምስት የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1917 ዴቪድ ማሪን እና ኦሊቨር ኪምባል የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ ውስጥ ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን መስጠት ጀመሩ። ከወሰዱት 2,190 ልጃገረዶች መካከል አዲስ እንቅርት የወጣባቸው 5 ብቻ ነበሩ። ካልወሰዱት 2,305 መካከል ግን 495 ነበሩ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኦቶ ባያርድ የተባለ የገጠር ሐኪም በ1918 በተራራማው ቫሌ ግዛት አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ለቤተሰቦች ማደል ጀመረ። በ1922 የአፐንዜል አውሰርሮደን ክፍለ ግዛት ጨዉን ለገበያ አቀረበ፤ በ1924 ሚሺጋን ተከተለች።

ከዘጠና ዓመት በኋላ ጄምስ ፌይረር፣ ዲሚትራ ፖሊቲና ዴቪድ ዊል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምልምሎችን መዝገብ ይዘው የኋላውን ተመለከቱ። አሜሪካ ውስጥ በእጥረቱ ይበልጥ በተጎዳው የሕዝብ ሩብ ላይ የጨዉ ለውጥ የአእምሮ ብቃት መለኪያን ወደ 15 ነጥብ ከፍ እንዳደረገው ገመቱ። ጥናቱ የታተመው በ2017 ነው። እነዚያ ወጣቶች የተለየ ትምህርት ቤት አልገቡም። እናቶቻቸው የተለየ ጨው ነው የበሉት፤ ያውም አብዛኞቹ ይህን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ሳያውቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ብዙ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማርገዛቸውን አያውቁም። አዮዲኑን በእንክብል እንስጥ ብንል፣ እናቲቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ወሳኙ ጊዜ ተጀምሯል። ጨው ግን ቀድሞ ወጥ ውስጥ ገብቷል።

የእኛ ታሪክ

ተራራማ ሀገር በአዮዲን ይጎዳል። አዮዲን ከአፈር እየታጠበ በጎርፍና በወንዝ ይሄዳል፣ ማረፊያው ባሕር ነው። ሺህ ዓመታት የታረሰና የተሸረሸረ ደጋ ደግሞ የቀረው ጥቂት ነው። በዚያ አፈር ላይ የበቀለ እህልም፣ በእህሉና በሳሩ ያደገ ከብትም አዮዲን ያንሰዋል። ስለዚህ «ከራሴ ማሳ ነው የምበላው» ማለት እዚህ ላይ አያድንም።

እስከ 1998 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበላው ጨው በብዛት የሚመጣው ከምጽዋና ከአሰብ ነበር፤ በ1990ዎቹም ከዚያ በሚመጣው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። የሀገሪቱ ጨው ወደ አፋር፣ በተለይ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ዞረ። እዚያ ጨዋማው ውሃ ወደ ኩሬዎች ይሳባል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ የቀረው ጨው ይሰበሰባል። ጨዉ አልጠፋም፣ ገበያም ላይ ነበር። የጠፋው ያ ሰባት ግራም ነው። ማንም ሳያውቅ!

በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑት ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በ2016 ጥናቱ ሲደገም ቁጥሩ 89 በመቶ ደርሷል። በአምስት ዓመት ውስጥ! ይህ የሆነው እያንዳንዱ ቤት ልማዱን ስለቀየረ አይደለም። የቀየሩት ጥቂት ቦታ ላይ ያሉ አምራቾች ናቸው። ቤት ውስጥ ያለችው እናት ያደረገችው ነገር ቢኖር እንደ ወትሮው ጨው መግዛት ነው።

የማይጣፍጥ ነገር ጠባቂ ይፈልጋል

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ጨው ካልጣፈጠ ገዢው ወዲያው ያውቃል፣ አምራቹም ይቀጣል። አዮዲን ግን አይጣፍጥም፣ አይሸትም፣ አይታይም። ሰባቱ ግራም ቢቀር ወጡ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። የሚለወጠው ከዓመታት በኋላ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነው።

ይህ ገበያው ብቻውን ለምን እንዳልፈታው ያስረዳል። አንድ አምራች ብቻውን አዮዲን ቢጨምር ወጪው ከጎረቤቱ ይበልጣል፤ ገዢው ደግሞ ልዩነቱን ስለማያየው ርካሹን ይገዛል። ጥሩ የሠራው ከሰረ ማለት ነው። ሁሉም እኩል ሲገደድ ግን ማንም አይጎዳም። የደንቡ ጥቅም ማስገደዱ ብቻ ሳይሆን እኩል ማድረጉ ነው።

ደግሞ የመቀላቀሉ ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ የሙያዬ አመል ይነሳብኛል። አንድ ኩንታል ጨው በቀን 5 ግራም ሂሳብ 20,000 የቀን ድርሻ ነው። ሰባት የማይሞላው ግራም ለ20,000 ድርሻ እኩል መዳረስ አለበት። ዱቄቱ በውሃ ይሟሟና ጨዉ ላይ ይረጫል። ማሽን ባለበት ጨዉ እየተንቀሳቀሰ በልክ ይረጭበታል። በሌለበት ግን በጀርባ በሚታዘል መርጫ ተረጭቶ በአካፋ ይገለባበጣል። በአካፋ ሲሆን አንዱ ከረጢት ይበዛበታል፣ ሌላው ይቀርበታል። እኛ ጋም ጨው በላቦራቶሪ ሲመረመር ከሚፈለገው በታች ወይም በላይ የሆነው ብዙ ነው። ስለዚህ 89 በመቶ የሚለው ቁጥር «አዮዲን አለው» እንጂ «በቂ አዮዲን አለው» ማለት አይደለም። ሁለቱ ይለያያሉ።

መብዛቱም ጉዳት አለው። ለዓመታት አዮዲን ያነሰው እጢ በድንገት ብዙ ሲያገኝ ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል። የእነ ፌይረር ጥናት አሜሪካ ውስጥ ለውጡ እንደጀመረ ከታይሮይድ ጋር የተያያዘ ሞት ለጊዜው ከፍ ማለቱንም አሳይቷል፤ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ። ትንሽ ነገር ስለሆነ ምንም አይጎዳም ብሎ ማሰብ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ጋ የሚደርስ ነገር ስህተቱም ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል።

ጨው ላይ ብቻ ነው እንዴ?

አይደለም። ሁለት ሌሎች ምሳሌዎች ላንሳ፤ አንዱ የተሳካ፣ አንዱ የሚያስጠነቅቅ።

ውሃ በክሎሪን ማከም ርካሽ ነው፤ እኛ ሀገር «ውሃ አጋር» በሚል ስም የሚሸጠውን ታውቁታላችሁ። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ክሎሪን በጠርሙስ ለሽያጭ በቀረበበት ሁኔታ በቋሚነት የሚጠቀሙት ቤቶች ከአስር በመቶ በታች ነበሩ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ ቦታውን ቀየሩት። ምንጩ አጠገብ፣ አንዴ ሲዞር ለአንድ ጀሪካን የሚበቃ ክሎሪን የሚለቅ ማከፋፈያ ተከሉ፣ በነፃ። ከዚያው ሰፈር የተመረጠ ሰውም እንዲያስታውስና እንዲሞላ ተደረገ። ተጠቃሚው ወደ ስልሳ በመቶ ደረሰ። ክሎሪኑ ያው ክሎሪን ነው፤ የተቀየረው የሚገኝበት ቦታና ጊዜ ነው። ውሃ ቀጂዋ ምንጩ ጋ መድረሷ አይቀርም። ማከፋፈያው እዚያ ይጠብቃታል፣ ጎረቤቶቿም ያያሉ።

ሁለተኛው ከቀዶ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 19 ጥያቄዎች ያሉት አንድ ገጽ የማረጋገጫ ዝርዝር አዘጋጀ፦ በሽተኛው እሱ መሆኑ ተረጋግጧል? የሚቀደደው የትኛው ጎን ነው? ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቷል? በ2009 በወጣው ጥናት፣ በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ዝርዝሩ ሥራ ላይ ሲውል የሟቾች መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። አንድ ወረቀት! ከዚያ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ዝርዝሩን እንዲጠቀሙ አስገደደች። በ2014 በታተመ ጥናት ግን በ101 ሆስፒታሎች ጉልህ ለውጥ አልታየም። ተመራማሪዎች ስለ ምክንያቱ ብዙ ተከራክረዋል። ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ነጥብ አለ፦ ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና ቡድኑ ቆም ብሎ መነጋገሩ አንድ አይደሉም። ትንሹ ነገር ወረቀቱ መስሎን ነበር እንጂ ንግግሩ ነው።

የጨዉ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ደንቡ ወረቀት ነው። ለውጡ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ባለው ግራም ላይ ነው።

አራት ጥያቄዎች

አካባቢያችሁ ያለን አንድ ችግር ስታስቡ፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ቀበሌ፣ መሥሪያ ቤትም ይሁን ግቢ፣ «ሰውን እናስተምር» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሞክሯቸው።

1. ሁሉም የሚያልፍበት ጠባብ በር የት ነው? ሺህ ሰው ማሳመን ሳያስፈልግ አምስት ሰው ጋ የሚያልቅ ደረጃ አለ?

2. አዲስ ልማድ ይጠይቃል ወይስ በነበረ ልማድ ላይ ይሳፈራል? ጨው መግዛት ነበረ፣ ውሃ መቅዳትም ነበረ። ከባዱ ነገር አዲስ ልማድ መፍጠር ነው።

3. የሚከፍለውና የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው? ካልሆነ፣ የሚከፍለው ለምን ብሎ ይቀጥላል? ጨው ላይ መልሱ ሁሉንም እኩል የሚያደርግ ደንብ ነበር።

4. ቢቀር በምን ይታወቃል? የማይታይ ለውጥ ሲጠፋም አይታይም። ከ1998 በኋላ የሆነው ይህ ነው።

አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለጨው ግን መልስ አለው። ጥቂት ጠብታ ብቻ የሚፈልግ ርካሽ መመርመሪያ አለ፤ አዮዲን ያለው ጨው ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይቀየራል። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፣ «አለ ወይስ የለም» ለማለት ግን ጠብታዋ ትበቃለች። ኬሚስትሪ መምህራን ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ተማሪዎቻችሁ ከየቤታቸው አንድ አንድ ማንኪያ ጨው ይዘው ቢመጡ ደስ የሚል ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል። የሰፈራችሁ ጨው ምን እንደሚመስልም ታያላችሁ።

ቤታችሁስ? ጨው ስትገዙ «አዮዲን ያለው» የሚል የታሸገ እሽግ ምረጡ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ወጡ ውስጥ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ ሲፈላ በቆየ ቁጥር የተወሰነው አዮዲን ይባክናል። ደግሞ «አዮዲን ለማግኘት» ብላችሁ ጨው አታብዙ። ብዙ ጨው ለደም ግፊት ጠንቅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። አዮዲኑ የሚስተካከለው አምራቹ ጋ ነው እንጂ ማንኪያችሁ ላይ አይደለም።

እነዚህ ጥሩ ልማዶች ናቸው፣ ግን አንዳቸውም ቁጥሩን ከ15 ወደ 89 በመቶ አላደረሱትም። ያደረሰው አፋር ውስጥ ጨው ላይ የሚረጨው ሰው ነው፣ የሚመዝነው፣ የሚመረምረው ሰው ነው። አንድ ቀን እሱ ሥራውን ቢተው ወጣችን ያው ይጣፍጣል፣ ማናችንም አናውቅም። ስለዚህ የቀረው ሥራ እሱ እንዳይተው፣ ቢተውም ቶሎ እንዲታወቅ ማድረግ ነው፦ የሚመረመር ናሙና፣ በየጊዜው የሚወጣ ውጤት፣ ውጤቱን የሚጠይቅ ሕዝብ። ይህም ቢሆን ከባድ ሥራ አይደለም። ግን የሆነ ሰው በየወሩ ሊሠራው ይገባል።